መለስናቸው

እናትየዋ ግፊታቸውን የሚያስለኩት በነርሷ ልጃቸው ነው፤ ውጤቱን የሚያምኑት ግን የድንጋይ ዶክተሩ ልጃቸው ሲያጸድቀው ነው። ሐሙስ ጠዋትም እንደዚሁ ሆነ። ነርሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመለኪያውን ጨርቅ ከእናቷ ክንድ ላይ ፈታችና መቶ ስልሳ በዘጠና አምስት ነው አለች። እናትየዋ እጅጌያቸውን አወረዱ፣ ስልካቸውን ከትራሱ ስር አወጡ፣ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና በከተማው ሌላ ጫፍ ለሚኖረው ወንድ ልጃቸው ደወሉ።

«ዶክተርዬ፣ እንዴት አደርክ? እህትህ መቶ ስልሳ ነው ትለኛለች። ይሆናል?»

ዶክተርዬ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ኮረብታ ላይ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ ከስንት ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደቀዘቀዘ ያጠና ሰው ነው። የሰው ክንድ ነክቶ የሚያውቀው ለሰላምታ ብቻ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እማዬ እኔ እኮ የድንጋይ ነኝ እያለ ስንት ጊዜ ለምኗቸዋል። እሳቸው ግን ድንጋይ ሆዱን የገለጠለት ሰው ሥጋ እንዴት ያቅተዋል ባይ ናቸው። ስለዚህ ልጅየው እንደ ሁልጊዜው ተሸንፎ ጨው ይቀነስ አለ። እናትየዋ ስልኩን ዘግተው ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩና «ጨው ቀንሺ ብሏል» አሏት፤ ጨው የሚባል ነገር መኖሩ ገና ዛሬ የተደረሰበት ይመስል። እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ ጨው ስትቀንስ፣ እሳቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ምግቡ አልጣመኝም ሲሉ ኖረዋል።

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ታልፈው ነበር። ያን ዕለት ግን ሦስት ሰዓት ላይ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሦስት ፈታኞች ፊት ቆማ የአራት ዓመት ሥራዋን ማስረዳት ነበረባት፤ ካለፈች እሷም ዶክተር ልትባል ነው። ለእናቷ ሁለት ጊዜ ነግራቸዋለች። በመጀመሪያው «እስካሁን አልጨረስሽም እንዴ?» አሏት። በሁለተኛው ደግሞ ከዚህ በኋላ መርፌ አትወጊም ማለት ነው ብለው ጠየቁ፤ ሊያዝኑላት ይሁን ሊደሰቱላት አልታወቀም። መለኪያውን ወደ ማኅደሩ ስትመልስ፣ ክኒኑን እየዋጥሽ ነው ወይ ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ይህ ጥያቄ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በሁለቱ መካከል ማንም እንደማይቀመጥበት ወንበር ተገትሯል። ሁለቱም እየዞሩት ያልፋሉ።

የተግባር ዶክትሬት የሚባለው ነገር ወረቀቱ ላይ ሲያነቡት ግሩም ነው። በኅብረተሰብ ጤና ሥራ ብዙ ዘመን የቆየች ነርስ በመሥሪያ ቤቷ ከተበላሹት ነገሮች አንዱን ትመርጣለች፣ ለምን እንደተበላሸ ታጣራለች፣ ታስተካክላለች፣ መስተካከሉንም በማስረጃ ታሳያለች። ሌሎች ስለጻፉት ነገር መልሶ መጻፍ አይደለም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ተግባር የሚለውን ቃል ጽፈው ሲያበቁ ፈሩት። አንድ ሺህ ሰዓት የተግባር ልምምድ አዘዙ፤ እያንዳንዱን ሰዓት ደግሞ ዶክተር የተባለ ሰው እንዲፈርምበት። ሃያ ሦስት ዓመት ሕጻናት ስትከትብ፣ በጭቃና በአቧራ ቤት ለቤት ስትዞር የኖረች ሴት የገዛ ሥራዋን እንድትለማመድ ተፈረደባት። በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ከኃላፊው ሌላ ዶክተር የተባለ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ከሦስት ዓመት በፊት ተመርቆ ሲመጣ የሕጻን ጭን ላይ መርፌ የቱ ጋ እንደሚገባ በሁለት ጣቷ ለክታ ያሳየችው ጎረምሳ ሐኪም ነው። አንድ ሺውን ሰዓት የፈረመው እሱ ነው። ሲፈርም ያፍር ነበር። ሲስተር ምን ብዬ ልጻፍ ይላታል፤ ጥሩ መሻሻል አሳይታለች በል ትለዋለች። አምስት መቶኛው ሰዓት ላይ ሁለቱም ከሳቃቸው ጋር እየታገሉ «መርፌ አያያዟ ተስፋ ሰጪ ነው» ብለው ጽፈዋል። ወረቀቱ ሦስት ቢሮ ዞሮ ሦስት ማኅተም አርፎበት ተመለሰ። ማንም አላነበበውም።

ሰፈር ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሲስተር ነች። ከቤት ስትወጣ ባለሱቁ ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የለበስሽው ብሎ ጠየቃት፤ ስትነግረው መዳፉን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ታዲያ ከነገ ጀምሮ ምን ብለን ልንጠራሽ ነው፣ ዶክተር ሲስተር ነው ሲስተር ዶክተር አለ። ሲስተርን የነሳኝ ሰው ልጁን ሌላ ይከትብለት ብላው አለፈች። ቀልዷን አልነበረም። ዶክተር ሲባል ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲስተር ሲባል ልጁን ያቀብላል። የምትፈልገው ማዕረጉን ሳይሆን ማዕረጉ የሚከፍተውን በር ነው፤ ዘንድሮ ዶክተር ያልተባለ ሰው በስብሰባ ላይ የተናገረው ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም።

አውቶቡስ ውስጥ ቦታ አግኝታ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ በላፕቶፕ ፋንታ አንድ ፌስታል ይዛለች፤ በውስጡ ጫፋቸው የታጠፈ ሰባት ደብተሮች አሉ። የዘበኛው ናቸው። የጤና ጣቢያው ዘበኛ «ጉዳይዎ» ይባላል፤ የመጣውን ሁሉ፣ ምጥ የያዛትንም ቢሆን፣ ጉዳይዎ ምንድነው ሳይል አያሳልፍም። መልሱን ይጽፋል። ስም፣ ሰፈር፣ ጉዳይ፣ ቀንና ሰዓት፣ በመጨረሻው ጠባብ ዓምድ ላይ ደግሞ ከሁለት ቃላት አንዱን፦ ገባች ወይም ተመለሰች። አሥራ አንድ ዓመት ሲጽፍ ከአንድ የስርቆት ክስ በቀር ማንም አላነበበለትም።

ነገሩ የተጀመረው በቀይ ቀለም ነው። የክትባት መዝገቡ ላይ ሦስተኛውን ክትባት ያልወሰደ ሕጻን ስም አጠገብ በቀይ «ጠፊ» ተብሎ ይጻፋል። ባለፈው ዓመት ስልሳ አንድ ጠፊዎች ነበሩ። ሪፖርቱም ምክንያቱን በየሩብ ዓመቱ አንድ ቃል ሳይለውጥ ያስቀምጠዋል፤ የእናቶች የግንዛቤ እጥረት። ይህች ሐረግ ስንቱን ገላገለች! መብራት ጠፍቶ መድኃኒት ሲበላሽ፣ ሠራተኛ ሲቀር፣ መስኮት ሲዘጋ፣ ቢሮ ውስጥ የተሰበረው ሁሉ ተጠርጎ የሚደፋው እናቶች ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሲስተርም እውነት ለመናገር ይህንኑ ሐረግ በገዛ እጇ ብዙ ጊዜ ጽፋዋለች። ለዶክትሬቷ ጠፊዎቹን ልፈልግ ብላ የተነሳችውም ግንዛቤ ልታስጨብጥ ነበር። ስምንተኛው ቤት ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ሳታነሳ፣ ሁለት መርፌ በከንፈሯ ነክሳ ሰማቻት። ከዚያ መርፌዎቹን አወጣች። «እኔ ነኝ የጠፋሁት? መጥቼ በር ላይ መልሳችሁኝ የለ? ዘበኛችሁን ጠይቂ፣ ጽፎኛል።»

ጽፏታል። ከስልሳ አንዱ አርባ አራቱን ጽፏቸዋል። ሲስተር ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝገቡን ከደብተሩ ስታስተያይ የገባት ነገር ለማመን የሚያሳፍር ነበር። ክትባት የሚሰጠው ረቡዕ ብቻ ነው፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ለአሥር ልጅ ስለሚበቃ ለአንድ ልጅ አይከፈትም። ነርሶቹ ቀጠሮ ሲሰጡ ደግሞ እንደ ሰው «የዛሬ ወር ነይ» ይላሉ። ለነርሶቹ የዛሬ ወር ማለት አራተኛው ረቡዕ ነው። ለሕጻኑ እናት ግን የዛሬ ወር የዛሬ ወር ነው፤ በአምስተኛው ቀን የመጣች በቀጣዩ ወር በአምስተኛው ቀን ትመጣለች፤ ያ ቀን ዓርብ ይውላል። ዓርብ ልጇን አዝላ፣ ከሥራዋ ግማሽ ቀን ለምና ትመጣለች። ጉዳይዎ ይጠይቃታል፣ ይጽፋታል፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ይጣራል፤ ከውስጥ ቀኑ አይደለም በላት ይባላል። እሷ ትሄዳለች። ከሁለት ወር በኋላ በቀይ ቀለም ጠፊ ትሆናለች። መቁጠር የምታውቀው ጠፊ፣ መቁጠር የማያውቀው መንግሥት ሆኖ ያርፋል።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ደብተሮቹን ለፈተናው ስትከልስ አንድ ሌላ መስመር አገኘች። አምስተኛው ደብተር ውስጥ፣ ከአንዲት ሕጻንና ከአንድ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ መካከል፣ የእናቷ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። ጉዳይ፦ የግፊት ክኒን። ቀን፦ ረቡዕ። በጠባቡ ዓምድ፦ ተመለሰች። የግፊት ክኒን የሚታደለው ሰኞ ነው፤ እናትየዋም የዛሬ ወር ተብለው ቆጥረው መጥተዋል። ከአንድ ጣሪያ ስር እየኖሩ ክኒኔን ልጄ ታምጣልኝ የማይሉ፣ በዘመድ አልታከምም፣ እንደ ሰው ተሰልፌ እወስዳለሁ የሚሉ ሴት ናቸው። የዚያ ረቡዕ ክትባት ክፍል ውስጥ የነበረችው ሲስተር ነች። ታስታውሰዋለች፤ ወይም የምታስታውስ መስሏታል። ሃያ ልጅ እየጮኸ ጉዳይዎ በበሩ ለክኒን የመጡ እናት አሉ አለ፤ እሷም ፊቷን ሳትመልስ «ቀኑ አይደለም በላቸው» ብላ ጮኸች። ይህ የሆነው ከአራት ወር በፊት ነው፤ የክትባቱን ቀጠሮ አስተካክላለች፣ የክኒኑ ግን እንደነበረ ነው። ግፊቱ መውጣት የጀመረውም ከአራት ወር በፊት ነው። ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለው የክኒን ፓኬት ባዶ መሆኑን መስመሩን ባገኘችበት ዕለት ማታ ገልጣ አየች፤ አየሁ አላለችም።

የፈተናው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይሠራ የግድግዳ ሰዓትና ለፈታኞች ብቻ የተቀመጠ የታሸገ ውኃ ነበረው። ሊቀመንበሯ አሮጊት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ገና ሳይጀመር ጫማቸውን ከጠረጴዛው ስር አውልቀዋል። በግራቸው «ነጥቡ» የሚባለው የስታትስቲክስ መምህር ተቀምጧል፤ ተማሪው ስለ ሞት ቢያወራ ስለ ሕይወት እሱ የሚጠይቀው ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር ነው። በቀኛቸው የጤና ጣቢያው ኃላፊ አለ። ትምህርቱ የተግባር ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ውጤቱን መቀበሉን በመጨረሻው ገጽ ላይ መፈረም አለበት፤ ያ ፊርማ ከሌለ ዲግሪው አይሰጥም። ጠዋት በመኪናው አልፏት ነበር፤ አውቶቡስ ስትጠብቅ አይቷት ጥሩንባ ነፋላት፣ እጁንም አውለበለበላት፣ ሄደ።

አንድ ሰዓት አወራች። የቀጠሮ ካርዱ ላይ አሁን «አራተኛው ረቡዕ» ተብሎ እንደሚታተም፣ በሌላ ቀን የመጣች እናትም እንዳትመለስ የጎረቤት ቀበሌ ልጆች ተጠርተው ብልቃጥ እንደሚከፈት፣ በስድስት ወር ውስጥም ጠፊዎች ከስልሳ አንድ ወደ ዘጠኝ እንደወረዱ አሳየች። ነጥቡ የዘበኛ ደብተር ተዓማኒነቱ በምን ተለካ ብሎ ጠየቀ። ባለፈው ዓመት የመኪና ጎማ ሲሰረቅ ፍርድ ቤት የተቀበለው ይህንኑ ደብተር ነው፤ ለጎማ ያገለገለ ለሕጻን አያንስም ብላ መለሰች። ሊቀመንበሯ በአፍንጫቸው ሳቁ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ሥራውን እንደሚያደንቅ፣ በመሥሪያ ቤቱም እንደሚኮራ ተናገረ። አንድ ቃል ብቻ ነው ያስቸገረው፤ በርዕሱም በመደምደሚያውም ላይ «መለስናቸው» ይላል። ደብተሩ የሚለው ግን «ተመለሰች» ነው። ተመለሰች ማለት ደግሞ፣ አለ ኃላፊው ጣቶቹን እያቆላለፈ፣ ወደ አገልግሎቱ ተመለሰች ማለትም ይሆናል። አርባ አራት እናቶች ተመልሰዋል ብሎ ማቅረብ ይቻላል። ለመሥሪያ ቤቱም ጥሩ ዜና ነው።

የቢሮ ሰው ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ቋንቋው ያለ አድራጊ የሚቆም ግስ ሰጥቶታልና እድሜ ልኩን እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ፋይሉ ጠፋ፣ ሥራው ዘገየ፣ መድኃኒቱ አለቀ፣ እናቶቹ ተመለሱ። ያጠፋ የለም፣ ያዘገየ የለም፣ የጨረሰ የለም፤ ሁሉም በገዛ ፈቃዱ የሆነ ነው። ሊቀመንበሯ ደክሟቸው ነበርና አስታራቂ መንገድ ሰጧት። ልጄ አሏት፣ «ተመለሱ» ብለሽ ተዪው፤ የፈለገ የፈለገውን ያንብብ። ነጥቡም በእርሳሱ ራሱን እያከከ ቁጥሩን አይነካውም አለ።

ሲስተር ፌስታሏን አየች። አምስተኛው ደብተር ከላይ ነበር። ዘበኛው ሁለት ቃል ብቻ ስላለው ነው ተመለሰች ያለው፣ እኔ ግን ከሁለት በላይ አውቃለሁ አለች። ቃሉ መለስናቸው ነው።

«እኛ ማን ነን?» አለ ኃላፊው። «እኔ አንዲት እናት መልሼ አላውቅም።» እውነቱን ነው። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ድረስ የወጣች እናት የለችም።

«ከአርባ አራቱ አሥራ ዘጠኙን የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቀኑም ፈረቃውም አባሪ ሦስት ላይ አለ።»

አባሪ ሦስትን ማንም አላነበበውም ነበር። ሦስቱም እኩል ገጽ መግለጥ ጀመሩ። ኃላፊው ቀድሞ ደረሰበት፤ ፊቱም ወዲያው በራ፣ ከክፉ ሕልም እንደነቃ ሰው። እንግዲያው ተገላገልን አለ፤ «መለስኳቸው» ብለሽ ጻፊ፣ በዚህ አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ። ብዕሩንም አውጥቶ ክዳኑን ነቀለ። አራት ዓመቱ፣ አንድ ሺው ሰዓት፣ የምትገባበት ስብሰባና ቃሏ የሚሰፍርበት ቃለ ጉባኤ ሁሉ ከዚያ ብዕር ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ታዩዋት። ለቅጽበት ያህል ይህም ያው እውነት ነው ብላ አሰበች። እናቷንማ በርግጥ የመለሰቻቸው እሷ ነች።

«አሥራ ዘጠኙን መለስኳቸው» አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ሃያ አምስቱን መለሳችኋቸው። ሲደመር መለስናቸው ነው።»

ነጥቡ በእርሳሱ ጫፍ ወረቀቱ ላይ ጫር ጫር አደረገ። «ድምሩ ልክ ነው» አለ።

ወደ ኮሪደር አስወጧት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ ከውስጥ የኃላፊው ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ትሰማለች። ሲጠሯት ሊቀመንበሯ በእርማት አልፈሻል አሏት፤ እርማቱም ያ አንድ ቃል መሥሪያ ቤቱ በሚቀበለው ቃል እንዲተካ ነው። ደስ አላላቸውም፤ ወደ ወረቀቱ እንጂ ወደ እሷ አላዩም። የዛሬ ወር አርመሽ አምጪ አሏት። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጸሐፊ ቀጥላ ቀኑ ካለፈ ግን ትምህርቱን እንዳቋረጡ ነው የሚመዘገበው አለች።

ሲስተር ለተንኮል አላሰበችም። ሃያ ሦስት ዓመት የለመደባት ነገር ነው፤ የዛሬ ወር ሲባል ጣቶቿ በራሳቸው ይቆጥራሉ። አውራ ጣቷ በሌሎቹ ጣቶቿ አንጓ ላይ ሄዶ ሄዶ ቆመ። የዛሬ ወር ቅዳሜ ነው አለች፤ ቅዳሜ ክፍት ነው? ጸሐፊዋ ቅዳሜ ዝግ መሆኑን፣ እርማት የሚቀበሉትም ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳች።

«ታዲያ ቅዳሜ ብመጣ» አለች ሲስተር፣ «የእናንተ ዘበኛ ምን ብሎ ይጽፈኛል?»

ሊቀመንበሯ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በትከሻቸው፣ በመጨረሻም በሙሉ ሰውነታቸው፤ እየሳቁ ባዶ እግራቸው ከጠረጴዛው ስር ጫማ ሲፈልግ ይሰማ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ወረቀቱን ሳቡት፣ የእርማቱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዙት፣ ፈረሙ። እኔም መለሰቻት ልባል አልፈልግም አሉ። ነጥቡ ከሥራቸው ፈረመ። ወረቀቱ ኃላፊው ፊት ደረሰ። ኃላፊው የብዕሩን ክዳን ገጠመ፣ በደረት ኪሱ ሰካው፤ ቢሮዬ ረጋ ብዬ ልየው አለ። መቼ ልምጣ ስትለው እደውልልሻለሁ አላት። ሊቀመንበሯ እጇን ጨብጠው እንኳን ደስ አለሽ ዶክተር አሏት፤ የመጨረሻው ገጽ ግን ባዶውን ነበር፣ ሁሉም አይተውታል።

ወደ ቤት አልሄደችም። ደብተሮቹን ልትመልስ ጤና ጣቢያ ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ግቢው ጸጥ ብሏል፤ ጉዳይዎ ከጎጆው ወጥቶ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ጫፋቸውን በመዳፉ አቃና። ፍርድ ቤት ነው የዋላችሁት ብሎ ጠየቀ፤ በለው አለችው። ከዚያ ከልማዱ የተነሳ፣ ሳያስብ፣ ጉዳይዎ አላት። ስቃ ልታልፈው ነበር። ቆመች።

«ለእናቴ የግፊት ክኒን» አለችው። «ጻፍ።»

ጻፈ። አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ተጣራ። ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት የባለሙያዋ ድምፅ መጣ፤ ማን እንደሆነ አላየችም፣ አንገቷንም አላዞረችም። ቀኑ አይደለም፣ ሰኞ ይምጡ በላቸው። ሲስተር ያን ድምፅ አወቀችው። የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፣ ግን አወቀችው። የጉዳይዎ ብዕር ጠባቡ ዓምድ ላይ ቆመ።

«ሲስተር፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

አልመለስም ብላለች በል አለችው። ዓምዱ ስላልበቃው ቃሉን ወደ ጎን አጥፎ፣ ፊደሎቹን አጥብቦ ጻፈው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ቃል ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው፤ ጽፎ ሲጨርስም ትንሽ ቆሞ አየው። እሷ ግቢውን አቋርጣ መስኮቱ ላይ ክርኗን አሳርፋ የሁለት ወር ክኒን እስኪቆጠርላት ጠበቀች።

ቤት ስትደርስ እናትየዋ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የሬዲዮውን ድምፅ ቀንሰው ይሰሙ ነበር። ስለ ፈተናው ጠየቋት፤ አንድ ፊርማ ቀረኝ አለቻቸው። የማን ነው ሲሉ የኃላፊያችን አለች። የዚያ ክራባታም ከሆነ ቆየሽ አሉ። ከዚያ ፓኬቱን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። እናትየዋ አዩት፣ አልነኩትም።

«ቀኑ ሰኞ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬም ነው» አለች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ያን ረቡዕ የመለስኩሽ እኔ ነኝ። ዞሬ አላየሁሽም።»

እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ሬዲዮው ስለ መንገድ ጥገና ያወራል። «አውቃለሁ» አሉ። «ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ።»

ታዲያ የሲስተር እናት ነኝ አትዪም ነበር ልትል አሰበች። ሳትለው እሳቸው ቀደሟት። ዘበኛው ማን ልበል፣ የማን ዘመድ ነዎት ብሎ ጠይቋቸው ነበር፤ ሃያ ሰው ተሰልፎ ይሰማል፤ ያቺ የምትጮኸው ልጄ ነች ማለት አፈርኩ አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። የጨው ነገር የሚያወሩ ይመስል ነበር። ሲስተር ፓኬቱን አንስታ ከፈተችው፣ አንዱን ክኒን አውጥታ መዳፏ ላይ ያዘች፤ ከዚህ ሁሉ የግስ ርቢ ውስጥ አንድም የሚሆናት አልነበረም።

እናትየዋ ስልካቸውን ከትራሱ ስር አወጡ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ደወሉ። ዶክተርዬ፣ ክኒኑ መጥቷል፣ የሚዋጠው ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ አሉት። ረጅም ጊዜ ሰሙ። ግንባራቸው ተኮሳተረ፤ ደህና እደር ሳይሉም ዘጉት።

«ሐኪም ጠይቂ አለኝ» አሉ በቅሬታ፣ ስልኩን እያዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ መዳፋቸውንም ዘረጉላት።

«በይ እንግዲህ፣ በፊት ነው በኋላ?»